ወንዝ የማያሻግረው ቅጠል

በ1958 ዓ.ም. እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ኩንታል ተሸካሚ ነኝ። ትከሻዬ ሰፊ፣ አፌ ከትከሻዬ የሰፋ። በዚያን ጊዜ በአቃቂ ምድር እንደ ጋሼ መኩሪያ አድርጌ የምንቀው ሰው አልነበረም።

ሰውየው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው። አንዱ ለቀስተኛ «ትልቅ ሐኪም ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ይኸው ሰው በቁማቸው ሲያያቸው ምራቁን እንትፍ ብሎ ነበር የሚያልፈው። ያገሬ ሰው ሬሳ ሲያይ አፉ ማር ይሆናል።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ፣ ደረጃው ነፍሴን አውጥቶኝ በረንዳዋ ላይ ስቀመጥ፣ አንድ ነገር በነጭ ማሰሮ ተተክሎ፣ ዙሪያውን ጠጠር ተደርድሮለት አየሁ።

«አባባ፣ ይዩት እስቲ እንዴት እንደሚያምር! የውጭ አበባ ነው» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እንዳሁላ ነው። አቃቂ አጥር ሥር እንደ አረም የሚበቅለው እንዳሁላ።

«ይኼ የውጭ ከሆነ እኔም የውጭ ነኝ» አልኳት።

ሳቀችና ስልኳን አውጥታ ስለ ቅጠሉ የተጻፈውን ታነብልኝ ጀመር። ስኳር ያጠፋል፣ ደም ብዛት ያወርዳል፣ ነቀርሳ ይነቅላል፣ ራሰ በራ ላይ ጠጉር ያበቅላል። እኔ ራሰ በራ ነኝ። ስልኩ ራሴን አይቶ የተናገረ መሰለኝ።

«ወንዝ አትሻገሩ አይልም?» አልኳት።

«የምን ወንዝ?»

እሷ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጋሼ መኩሪያ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን እንጨት ያወርዳሉ፣ ቀይ ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፣ ባቡሩ ሲያልፍ እንጨቱን ያነሳሉ። ሥራው ይኸው ነው። አቋቋማቸውን ላየ ግን ባቡሩን ራሳቸው የሚገፉት ይመስላሉ። በሐሩር እንኳ የማያወልቁት አመድማ ካፖርት ነበራቸው። አገጫቸው ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። አንድ ባለ መኪና «ኧረ ቶሎ ክፈቱልኝ፣ እቸኩላለሁ» ቢላቸው «ባቡሩ ያውቅሃል?» አሉት። ባቡሩ ካለፈም በኋላ ትንሽ አቆዩት፤ እንዲተዋወቁ ነው መሰለኝ።

በጎጇቸው ዙሪያ ዘይቱ ባለቀ ቆርቆሮ እንዳሁላ ተክለዋል። ቆርቆሮዎቹን ኖራ ቀብተው እንደ ወታደር አሰልፈዋቸዋል። ሲያብብ እንደ ብርቱካን ይደምቃል፤ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየዋል። የባቡሩ ሹሞችም ለመንገዱ ጌጥ ነው ብለው ዝም አሏቸው። ጌጥ መሆኑ ቀን ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ነው።

ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ሲሰብሩት ውኃ ያንጠባጥባል። ጋሼ መኩሪያ ፍም ላይ ያዝ ያደርጉትና ላብ ሲያወጣ ስሱን ልጥ ገፈው ትኩሱን እብጠት ላይ ይለጥፉታል። በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ያስሩታል። ለወለምታ፣ ለብጉንጅ፣ ለሚመግል ቁስል። ይኼን እናቴም ታውቀዋለች፣ የሰፈሩ እናት ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ሰው ለምን ጎጇቸው ደጃፍ ይኮለኮላል? ለሕጋቸው ነው። ሰው ቅጠል ብቻ ከሰጡት አያምንም፤ ሕግ ሲጨመርበት ነው የሚያምነው።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጠዋት ቅጠሉን ሳይቀጥፉ ማንም እንዳያናግራቸው። ሁለተኛው፣ ቅጠል የታሰረለት ሰው ሰባት ቀን ሳይሞላው ቅጠሉን እንዳይፈታ፣ ወንዝም እንዳይሻገር። «ወንዝ ከተሻገርክ ይረክሳል፤ የረከሰ ቅጠል ደግሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል» ይላሉ። ምኑን እንደሚመልሰው ተናግረው አያውቁም።

ይኼ ቀልድ አይደለም። የኛ ሰፈርና የጋሼ መኩሪያ ጎጆ ከወንዙ ወዲህ ነው። ጣቢያው፣ ፋብሪካው፣ ገበያው ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዝ አትሻገር ማለት ከቤትህ አትውጣ ማለት ነው። ከማዶ የመጣ በሽተኛማ ወዲህ ያለ ዘመዱ ቤት ሰባት ቀን ይከርማል። በሰፈራችን የማይፈለግ እንግዳ የሌለበት ቤት አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት በሽተኛው ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ ጋሼ መኩሪያ ከጎጇቸው ወጥተው ወደ ቆርቆሮዎቹ ሲያመሩ፣ ከመንገዱ ዳር ጮክ ብዬ «እንደምን አደሩ ጋሼ መኩሪያ!» አልኩ።

ቆሙ። ዞር ብለው አዩኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ነገ ይመለሳሉ። አንተን እየመረቁ።» ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በሽተኛው ሁሉ ተነሳብኝ። ወር ሙሉ ሲያነክስ የከረመ አንድ ሰውዬ ዱላውን ይዞ እስከ ድልድዩ ድረስ አባረረኝ። እኔም እየሮጥኩ «ጋሼ መኩሪያ ሳይነኩት ዳነ!» እያልኩ ሳቅኩበት።

በዚያው ክረምት ከፉርጎ የወረደ ጣውላ ቅልጥሜን መታኝ። አልሄድም ብል እማዬ አለቀሰችብኝና ሄድን።

«ምኑን ነው ያመመው? አፉን ነው?» አሉ፣ እኔን ሳያዩ እሷን።

«ኧረ እግሩን ነው፣ ጋሽ መኩሪያ።»

«ያሳዝናል» አሉ።

ታሰረልኝ። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ሟሸሸ። ሕጋቸውን ላዋርድ ብዬ በድልድዩ ተሻገርኩ፤ ጣቢያ ገብቼ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ስሸከም ዋልኩ። ማታ እግሬ ግንድ አከለ። ተመልሼ ስሄድ አገጫቸው ሰማይ ነክቷል።

«ወንዙ ነው» አሉ።

«ወንዙ አይደለም፤ ኩንታሉ ነው» አልኩ። «ሰባቱን ቀን ብተኛ ይድን ነበር። ያዳነኝ መተኛቴ ነው እንጂ የርስዎ ወንዝ አይደለም።»

ያን ጊዜ ገና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ሌላው በሽተኛ እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው «ዝም በል» አሉኝ። «ጅል። ዝም በል።» ቅዳጁን ከወትሮው አጥብቀው አሰሩት።

ያን ቀን ገባኝ። ሰውየው ሕጋቸውን ራሳቸው አያምኑበትም። ንቀቴ እጥፍ ሆነ። የሚያምን ሞኝ አንድ ነገር ነው፤ ሞኞችን ሰብስቦ የሚነዳ ሰው ግን ሌላ ነው። አፌ ለምን እንደተያዘ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ይኼን ዛሬም አዝንበታለሁ።

በኅዳር እማዬ የዛገ ቆርቆሮ እግሯን ቆረጣት። አበጠ። እያነከሰች ጎጇቸው ሄደች፤ አሰሩላት፤ «ሰባት ቀን» አሏት። ቤት ገብታ ተኛች።

እዚህ ላይ የብልሃታቸውን ቀዳዳ ልንገራችሁ። እሳቸው በሽተኛ ቤት ሄደው አይጠይቁም፤ ክብራቸው ይነካል። በሽተኛው ደግሞ ቅጠሉን መፍታት አይችልም። እንግዲህ ሰባት ቀን ሙሉ ቁስሉን የሚያየው ማነው? ማንም የለም። ቢሻል የቅጠሉ ነው፤ ቢብስ የወንዙ ነው።

በአራተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። እማዬ ትኩሳት ይዟት ታወራለች፤ ደግሞ ትነቃለች። ሮጬ ከማዶ ድሬሰር አመጣሁ፤ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ቅዳጁን ጫፉን ገለጥ አድርጎ አየ። ጣቶቿ ጠቁረዋል። ደጅ ወጣንና እንዲህ አለኝ፦

«ዛሬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገባች ጣት ይቆረጣል። ነገ ከሆነ እግር ነው። ከነገ ወዲያ እኔን አትጥራኝ፤ ቄስ ጥራ። የከሰዓቱ ባቡር እንዳያመልጣችሁ።»

ገብቼ ነገርኳት።

«ሦስት ቀን ይቀረኛል» አለች። «ወንዝ አልሻገርም።»

«እማዬ፣ እግርሽ በስብሷል!»

«በላይ ምን ሆነ? እስቲ ንገረኝ፣ በላይ ምን ሆነ?»

በላይ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ቅጠል እንደታሰረለት በአራተኛው ቀን ወንዙን ተሻግሮ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ይኼን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምላሷ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

«እውነቷን ነው አስካለ! ይኼ ልጅ ድሮም ቅጠሉን ይንቃል። አሁን እናቱን ሊገድል ነው!»

እማዬን ላነሳት ብሞክር የአልጋውን እግር ጨብጣ ጮኸች። ጎረቤት ገብቶ እጄን ያዘኝ። እናቱን ሊደበድብ ነው አሉ።

ሮጬ ወደ ማቋረጫው ሄድኩ። ጋሼ መኩሪያ አግዳሚውን አውርደው ባንዲራቸውን ይዘው ቆመዋል። የዕቃ ባቡር ሊያልፍ ነው።

«ጋሼ መኩሪያ፣ እማዬ ልትሞት ነው። ይምጡና ወንዙ ውሸት ነው ይበሉልኝ።»

«ባቡር አለ» አሉ።

«ጣቶቿ ጠቁረዋል እኮ!»

ባንዲራው እጃቸው ላይ ዝቅ አለ።

«ጠቁረዋል? ይሸታል?»

«ቤቱ አያስገባም።»

«መቼ ጀመረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማን ፈቶ ያየዋል? እርስዎ አትፍቱ ብለው የለ!»

ባቡሩ መጣ። ሃያ ምናምን ፉርጎ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ባቡር አላየሁም። ሁለታችንም ፊት ለፊት እየተያየን ቆምን፤ ብንናገርም አንሰማማም። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ አግዳሚውን አነሱና ባንዲራውን ብብታቸው ውስጥ እንደያዙ ቀድመውኝ ሄዱ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ።

ቤታችን ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። በሽተኛ ቤት ገብተው አያውቁማ። እትዬ ዘነበች ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አቀረበች። አልተቀመጡም።

«አስካለ፣ ተነሺ። ሆስፒታል ትሄጃለሽ።»

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄ ምን አርጎዎት ነው ጋሽ መኩሪያ? አስፈራርቶዎት ነው?»

«እሱ? እሱ ዝንብ አያስፈራም። ወንዙ ምንም አያደርግም ነው የምልሽ።»

«ሰባት ቀን ሳይሞላ?»

«ሳይሞላ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እትዬ ዘነበች ቀደመች፣ እንደ ልማዷ።

«እንዴት ይሆናል? በላይስ? በላይ ወንዝ ተሻግሮ አይደል የሞተው?»

«በላይ የሞተው ቁስሉ ወደ ደሙ ስለገባ ነው። እኔ ዘንድ ሲመጣም ከፍቶ ነበር። ሂድ ሐኪም ቤት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አሰርኩለት። ሲሞት ወንዝ ነው አልኩ።»

ይኼን ሲናገሩ አገጫቸው እንደ ወትሮው ወደ ላይ ነበር። ዝቅ ቢያደርጉት ኖሮ ሰው ይቅር ይላቸው ነበር መሰለኝ። የኛ ሰው አንገት የደፋ ሌባ ይወዳል።

«ለምን?» አለች እማዬ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን?»

«ሃያ ሁለት» ብለው አረሟት። «ለምን አልሽ? ተኙ ብላችሁ አትተኙም። እብጠት ይዞ ኩንታል የሚሸከም ሰው አያለሁ፤ በተሰበረ እግሩ ገበያ የሚሄድ ሰው አያለሁ። ዕረፍ ቢሉት አያርፍም። ወንዙ ይገድልሃል ሲሉት ግን ይተኛል፤ ተኝቶም ይድናል። ለእናንተ እውነት አይበቃችሁም፤ ማስፈራሪያ ነው የሚያድናችሁ።»

«ማሉልኝ» አለች እማዬ።

«በአባቴ አጥንት። ወንዙ ውሸት ነው።»

ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩና ቅዳጁን ራሳቸው ፈቱት። ቅጠሉ ጠቁሮ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። በጣታቸው አነሱት። አፍንጫቸውን አልያዙም። ፊታቸው ግን ያን ጊዜ ካፖርታቸውን መሰለ። እማዬም የአልጋውን እግር ለቀቀች።

በቃሬዛ ተሸከምናት። ከፊት እኔና ድሬሰሩ፤ ከኋላ ሁለት ጎረቤቶች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማዶ ስንወጣ ገለጠችና «ደረስን?» አለች። «ደረስን» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም» አለች። ገርሟት ነው። በዚያ ሁሉ ትኩሳት ውስጥ፣ የታለለ ሰው ንዴት ፊቷ ላይ አየሁ።

ሆስፒታል ሁለት ጣት ቆረጡላት። ከዚያ በኋላ በምርኩዝ እየሄደች አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ ወንዙንም በየገበያው ቀን ተሻግራለች። ለጋሼ መኩሪያ ግን እስክትሞት ሰላምታ አልሰጠችም። «ሃያ ሁለት ዓመት አሞኙኝ» እንዳለች ሞተች። አዳኑሽ ብላት አትሰማም። እኔ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው የሚሉ ሰዎች እናቴን ስለማያውቁ ነው።

ያን ማታ አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ አብራት አደረች፤ እኔን በማግሥቱ ሥራ ስለሚጠብቀኝ በማታው ባቡር መለሰችኝ። ጣቢያው ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። መኩሪያ አታላይ ነው፣ በላይን የገደለው እሱ ነው፣ የባቡር ሹም ይወቅልን። ከሁሉም የጮሁት በዚያ ቅጠል የዳኑት ናቸው። እነዚያ ወለምታቸው የተመለሰ፣ ብጉንጃቸው የፈነዳ፣ ሰባት ቀን ከኩንታል ሥር ወጥተው ያረፉ ሰዎች! ጋሼ መኩሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲዋሹ ሰዎቹ እጅ ሲነሷቸው ኖሩ፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ ሊወግሯቸው ተነሱ። እኔም እንግዲህ ልደሰት ይገባኝ ነበር። ስናገር የነበረው ሁሉ እውነት ሆነ። ሰው ትከሻዬን እየመታ «አንተ ድሮም አውቀህበታል» ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ማታ ምስጋና አስጠልቶኝ አያውቅም። ማወቅስ አውቄ ነበር፤ አውቄ፣ እናቴ እሳቸው ዘንድ ስትሄድ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ማቋረጫው ሄድኩ። ቆርቆሮዎቹ ተገልብጠዋል። እንዳሁላው መንገዱ ላይ ተረጋግጦ ውኃው አፈሩን አርሶታል። በሽተኞች የሚቀመጡበት ግንድ ላይ አንድ ሰው የለም። ጋሼ መኩሪያ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጎንበስ ብለው ሥሩ ያልተሰበረውን ይለቅማሉ። ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሰው ያልፋል፤ አንዳንዱ ሳቅ ይላል፣ አንዳንዱ ምራቁን እንትፍ ይላል።

ሄጄ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። መንገደኛው ሁሉ በሚያየኝ በኩል።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«እግሬን አመመኝ።»

«የቱን?»

«የፈለጉትን።»

አሁን ቀና አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እግርህ ደህና ነው። ያመመህ ሌላ ነው። ለሱ ቅጠል የለኝም።»

«ይለጥፉልኝ እንጂ፣ ጋሼ።»

ከአፈሩ ውስጥ አንድ ደህና ቅጠል መርጠው በካፖርታቸው ጠረጉና ፍም ሊያነድዱ ወደ ጎጇቸው ገቡ። እትዬ ዘነበች እንስራ አዝላ ስታልፍ አየችኝና ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም የግራ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ እግሬን ወደ መንገዱ ዘረጋሁ።